እጩ ሳይሆኑ ማሸነፍ፦ የስቴት ፓርቲ ሊቀመንበር ሥራ

በኢትዮጵያ ገዥውን ፓርቲ የሚመራ ሰው አገሪቱንም ሲመራ ማየት የተለመደ ነው። በአሜሪካ ግን የፓርቲ ሊቀመንበርነት ከመንግሥት ሥልጣን የተለየ ሥራ ነው። በየስቴቱ የዴሞክራቶችም የሪፐብሊካኖችም ፓርቲ አለ፤ ሊቀመንበሮቻቸው ግን አገረ ገዥውን አያዙም፣ ሕግም አያወጡም። ሥራቸው ገንዘብ ማሰባሰብ፣ በጎ ፈቃደኞችን ማሰማራት፣ ጉባኤ መጥራትና የተኳረፉ ወገኖችን ማስታረቅ ነው። ስማቸው በምርጫ ወረቀት ላይ ባይወጣም ምርጫውን ለማሸነፍም ሆነ ለመሸነፍ ድርሻቸው ትልቅ ነው።

ለዚህ የሚኒሶታው ኬን ማርቲን ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ፖለቲካን የጀመሩት በ1990 (እ.ኤ.አ.) በፖል ዌልስቶን የሴኔት ምርጫ ዘመቻ ውስጥ፣ ገና በወጣትነታቸው ነው። በኋላ የመሩት የዴሞክራቶች የሚኒሶታ ክንፍ በ1944 የዴሞክራቶች ፓርቲና የገበሬዎችና የሠራተኞች ፓርቲ ተዋህደው የመሠረቱት ሲሆን ሁለቱንም ወገኖች በስሙ እንደያዘ እስከ ዛሬ አለ።

ማርቲን ትልቅ ፈተና የተጋፈጡት በ2010 ነበር። በዚያ ዓመት ለአገረ ገዥነት የተወዳደሩት ማርክ ዴይተን የፓርቲውን ጉባኤ ድጋፍ ሳይጠብቁ በቀጥታ ወደ ቅድመ ምርጫ ገብተው፣ ጉባኤው የደገፋቸውን እጩ አሸነፉ። በኅዳሩ ምርጫ ደግሞ ተቀናቃኛቸውን ቶም ኤመርን የበለጡት በ9,000 ገደማ ድምፅ ብቻ ስለነበር፣ ልዩነቱ በሕጉ መሠረት ድጋሚ ቆጠራ የሚያስፈልገው ሆነ። በዴይተን በኩል ያንን ሥራ የመሩት ማርቲን ነበሩ። የምርጫ ሠራተኞች ወረቀቱን አንድ በአንድ እያነሱ በየእጩው ይደረድራሉ፤ የሁለቱ ወገን ታዛቢዎች ጠረጴዛው አጠገብ ሆነው ይከታተላሉ። ምልክቱ አጠራጣሪ የሆነ ወረቀት ሲገኝ ታዛቢው ይቃወማል፣ ወረቀቱም ለብቻው ይቀመጣል። በታኅሣሥ መጀመሪያ ኤመር ሽንፈታቸውን ተቀበሉ።

በ2011 ማርቲን የፓርቲው ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ፤ በቦታውም 14 ዓመት ቆዩ። የዚህ ሥራ ዋናው ክፍል ማንም በማያየው የመራጮች መዝገብ ላይ ይውላል። አንድ በጎ ፈቃደኛ በር ያንኳኳል። ማን እንደከፈተ፣ የትኛውን እጩ እንደሚደግፍ፣ ወደ ምርጫ ጣቢያ ለመሄድ መጓጓዣ ይፈልግ እንደሆነ በስልኩ ላይ ይመዘግባል። መረጃው በሚቀጥለው ዙር ለሚወዳደረው እጩ ይተላለፋል። እጩዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ መዝገቡን ግን ፓርቲው ይይዘዋል። በጥንቃቄ ካልተያዘ እያንዳንዱ እጩ ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል።

ጉዞው ሁሉ ድል አልነበረም። በ2014 የስቴቱ የተወካዮች ምክር ቤት፣ በ2016 ደግሞ ሴኔቱ በሪፐብሊካኖች እጅ ገባ። በ2022 የማርቲን ፓርቲ አገረ ገዥነቱንና ሁለቱንም ምክር ቤቶች ሲይዝ፣ በሴኔቱ የነበረው ብልጫ 34 ለ33፣ የአንድ ወንበር ብቻ ነበር። በዚያች ጠባብ ብልጫ በቀጣዩ ዓመት ለተማሪዎች ሁሉ ነፃ የትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ የሚፈቅድ ሕግ ጸደቀ። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ስደተኞችም መንጃ ፈቃድ እንዲያወጡ ተፈቀደ። በየመንደሩ በር የማንኳኳት ልፋት እስከ ልጆች ማዕድ ድረስ የሚደርሰው እንዲህ ነው።

ከስቴት ሊቀመንበርነት ወደ አገር አቀፍ መሪነት የሚወስደው መንገድ በሁለቱም ፓርቲዎች የታወቀ ነው። የዊስኮንሲን ሪፐብሊካኖች ሊቀመንበር የነበሩት ራይንስ ፕሪበስ በ2011 የፓርቲያቸውን ብሔራዊ ኮሚቴ መምራት ጀመሩ፤ በ2017 ደግሞ የኋይት ሐውስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነው ጥቂት ወራት ሠሩ። ማርቲንም በየካቲት 2025 የዴሞክራቶች ብሔራዊ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ።

መሰላሉ ግን የሚጀምረው ከታች ነው። በሚኒሶታ በምርጫ ዓመት መጀመሪያ የአንድ ምርጫ ጣቢያ ነዋሪዎች በትምህርት ቤት ወይም በመሰል አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ኮከስ ይባላል። ማንኛውም ተሳታፊ የውሳኔ ሐሳብ ማቅረብ፣ ለቀጣዩ ጉባኤ ተወካይ ለመሆንም መወዳደር ይችላል። ከእነዚህ ተወካዮች ተነሥቶ በየደረጃው የሚዋቀረው አካል ነው ሊቀመንበሩን የሚመርጠው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ የአሜሪካ ዜግነት ያገኙት በኅዳር ድምፅ ከመስጠት አልፈው በኮከሱ ቢገኙ እጩው ማን ይሁን፣ ፓርቲውስ ስለ ምን ይታገል በሚለው ላይ ገና ከጅምሩ ይመክራሉ። በኅዳር የሚቀርብላቸው ወረቀት ግን ሌሎች ቀድመው የመከሩበት ነው።