የእይታ ምርጫና የመልእክት ተገኝነት ባልተማከሉ ማኅበራዊ ድረ ገጾች

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያዎቻቸውንና መግለጫዎቻቸውን ለኅብረተሰቡ ለማድረስ ማኅበራዊ ድረ ገጾችን መጠቀም ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ይሁን እንጂ አንድ መልእክት በድረ ገጽ ላይ ወጣ ማለት ለሚመለከተው ሰው ደረሰ ማለት እንዳልሆነ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። በተለይ ያልተማከሉ በሚባሉት ማኅበራዊ ድረ ገጾች ላይ «መልእክቱን ማን እንዲያየው ተፈቅዷል?» የሚለውና «መልእክቱ መኖሩን የማያውቅ ሰው ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል?» የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

የሁለቱን ጥያቄዎች ልዩነት አለመረዳት በሁለት አቅጣጫ ጉዳት ያስከትላል። በአንድ በኩል የምዝገባ ወይም የጨረታ ማስታወቂያ ለማንም ክፍት ሆኖ ሳለ ፈላጊዎቹ ሳያገኙት ቀኑ ሊያልፍ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ለጥቂት ሰዎች ብቻ እንደተጻፈ የታሰበ ጽሑፍ ከታሰበለት ክልል ውጪ ሊወጣ ይችላል። የሁለቱም መነሻ መልእክቱ ከመውጣቱ በፊት የሚደረገው የእይታ ምርጫ ነው።

ያልተማከለ ማኅበራዊ ድረ ገጽ ሲባል በአንድ ኩባንያ ባለቤትነት ሥር ያልሆነ፣ በተለያዩ ተቋማት፣ ማኅበራትና ግለሰቦች የሚተዳደሩ በርካታ ሰርቨሮች በጋራ ደንብ የሚገናኙበት መረብ ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል በስፋት የሚታወቀው እ.ኤ.አ በ2016 በጀርመን አገር በሶፍትዌር ባለሙያው ኦይገን ሮችኮ ለአገልግሎት የበቃው ማስቶዶን ነው። ሰርቨሮቹ የሚነጋገሩበት አክቲቪቲ ፐብ የተሰኘው ደንብ ደግሞ ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም በተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃ አውጪ አካል እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2018 ጸድቋል። አሠራሩ ከኤሌክትሮኒክ ፖስታ ጋር ይመሳሰላል። በአንዱ ሰርቨር የተመዘገበ ሰው በሌላው ሰርቨር ያለውን ሰው መከተል፣ ለእርሱም መልእክት መላክ ይችላል።

ጉዳዩ የቴክኖሎጂ አፍቃሪዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በጀርመን የፌዴራሉ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግል የማስቶዶን ሰርቨር አቋቁሟል። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ በኤፕሪል 2022 «ኢዩ ቮይስ» የተባለ የሙከራ ሰርቨር ለኅብረቱ ተቋማት ከፍቶ እ.ኤ.አ በሜይ 2024 የዘጋው ሲሆን፣ የአውሮፓ ኮሚሽን ከዚያ በኋላ በራሱ ሰርቨር ቀጥሏል። የኔዘርላንድስ መንግሥትም እ.ኤ.አ በ2023 የራሱን ሰርቨር በሙከራ ደረጃ ጀምሯል። እነዚህ ተቋማት የሚያወጡት እያንዳንዱ መልእክት ከዚህ በታች በሚብራራው የእይታ ምርጫ ውስጥ የሚያልፍ ነው።

በማስቶዶን አንድ ጸሐፊ ለእያንዳንዱ መልእክት አራት ዐበይት የእይታ ምርጫዎች አሉት። የመጀመሪያው ለሁሉም ክፍት የሆነው የአደባባይ መልእክት ነው። ሁለተኛው ለሁሉም ክፍት ሆኖ ከዝርዝሮች ውስጥ የማይገባው፣ ቀድሞ «ያልተዘረዘረ» በኋላም «ጸጥ ያለ የአደባባይ» የሚል ስያሜ የተሰጠው ነው። ሦስተኛው ለተከታዮች ብቻ የሚታይ ሲሆን፣ አራተኛው በመልእክቱ ውስጥ ስማቸው ለተጠቀሰ ሰዎች ብቻ የሚደርስ ነው።

የእነዚህን ምርጫዎች አሠራር በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ለሚገለገል ሰው ማስረዳት አያዳግትም። እያንዳንዱ መልእክት ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሲጓዝ እንደማንኛውም የሥራ ደብዳቤ «ለ» እና «ግልባጭ» የሚሉ ሁለት የአድራሻ ቦታዎች አሉት። በአደባባይ መልእክት «ለ» በሚለው ቦታ የሚሰፍረው ሕዝብ ሲሆን፣ ተከታዮች በግልባጭ ይገለጽላቸዋል። ጸጥ ባለው መልእክት ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ደብዳቤው የሚጻፈው ለተከታዮች ሆኖ ሕዝብ ግልባጭ ብቻ ይደርሰዋል። ለተከታዮች ብቻ በሚለው ምርጫ ሕዝብ የሚለው አድራሻ ፈጽሞ አይኖርም። በአራተኛውም ስማቸው የተጠቀሰ ሰዎች ብቻ ተቀባይ ይሆናሉ።

ከላይ እንደተመለከተው በአደባባይና ጸጥ ባለው መልእክት መካከል ያለው ልዩነት የአድራሻ ቦታ ልዩነት ብቻ ነው። በተገኝነት ረገድ ግን ውጤቱ ሰፊ ነው። የአደባባይ መልእክት በሰርቨሩ የቀጥታ ዝርዝር ላይ ይወጣል፣ በሃሽታግ ለሚፈልግ ሰው ይታያል፣ በወቅቱ መነጋገሪያ ከሆኑ ጉዳዮች መካከልም ሊመደብ ይችላል። ጸጥ ያለው መልእክት ሃሽታግ ቢኖረውም እንኳ ከእነዚህ በአንዱም አይገኝም። የጸሐፊውን ገጽ የከፈተ ማንኛውም ሰው ግን ያነብበዋል፤ ተከታዮችም መልሰው ሊያሰራጩት ይችላሉ። በመሆኑም ጸጥ ያለ መልእክት የተደበቀ መልእክት አይደለም። በሩ ክፍት ሆኖ በመንገድ ላይ ምልክት ያልተተከለለት ቤት ነው ቢባል ይቀላል።

የአደባባይ መልእክትም ቢሆን በየሰርቨሩ በራሱ አይዳረስም። ያልተማከለ መረብ ሁሉንም መልእክት በአንድነት የሚይዝ ማዕከላዊ መዝገብ የለውም። አንድ ሰርቨር የሚያውቀው ወደ እርሱ የደረሰውን ብቻ ሲሆን፣ በዋናነት የሚደርሰውም በሰርቨሩ ከተመዘገቡ ሰዎች ቢያንስ አንዱ ጸሐፊውን ሲከተል፣ ወይም የሚከተሉት ሰው መልእክቱን ሲያሰራጭ ነው። ከዚህ የተነሣ በሁለት የተለያዩ ሰርቨሮች ላይ የሚገኙ ሁለት ሰዎች አንድን ሃሽታግ በአንድ ጊዜ ቢፈልጉ የሚያገኙት ዝርዝር ሊለያይ ይችላል። አዲስ የተከፈተና ተከታይ የሌለው የመሥሪያ ቤት አካውንት ማስታወቂያዎቹን ሁሉ በአደባባይ ቢያወጣም በሌሎች ሰርቨሮች ዘንድ የማይታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

በቃላት ፍለጋ ረገድም ሊታወቅ የሚገባው ነጥብ አለ። በማስቶዶን ሰዎች በሌላው ጽሑፍ ውስጥ ማንኛውንም ቃል እየፈለጉ ጸሐፊውን እንዳይተናኮሉ በሚል ስጋት ለበርካታ ዓመታት ፍለጋ ሆን ተብሎ ተገድቦ ቆይቷል። እ.ኤ.አ በሴፕቴምበር 2023 በወጣው 4.2 ስሪት ግን የአደባባይ መልእክቶችን በውስጣቸው ባለ ቃል መፈለግ ተችሏል። ይህም የሚሆነው የአካውንቱ ባለቤት መልእክቶቹ በፍለጋ እንዲካተቱ ሲፈቅድ፣ የሰርቨሩ አስተዳዳሪም የፍለጋ አገልግሎቱን ሲያሟላ ነው። ይህ ፈቃድ በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ሳይሆን በአካውንቱ ማስተካከያ ገጽ ላይ የሚሰጥ በመሆኑ በቀላሉ ይዘነጋል። ከውጪ ያሉ የኢንተርኔት መፈለጊያዎች ገጹን እንዲመዘግቡት መፍቀድም ሌላ ራሱን የቻለ ምርጫ ነው።

በአማርኛ ለሚጽፍ አካል ከዚህ ላይ የሚታከል አንድ ጉዳይ አለ። ሃሽታግ የሚሠራው ፊደሎቹ ሲመሳሰሉ ነው። ለአንባቢ ድምፃቸው አንድ የሆኑት «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዳቸው የተለያየ መለያ ቁጥር ያላቸው ሆሄያት ናቸው። «#ሥራ» ብሎ የጻፈውን መሥሪያ ቤት «#ስራ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል። «#አዋጅ» እና «#አዋጁ» የሚሉትም ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ከአንድ ቃል በላይ ሲሆን ክፍት ቦታ ምልክቱን ስለሚቆርጠው «#የሥራ_ማስታወቂያ» እንደሚለው በሰረዝ ማያያዝ ያስፈልጋል። ስለሆነም አንድ ተቋም ወጥ የሆነ አጻጻፍ መርጦ መጽናቱና የተለመደውን ሌላ አጻጻፍም በተጨማሪነት ማስፈሩ የመልእክቱን ተገኝነት ያሰፋል።

በሌላው ጎን የሚታየው ችግር የእይታ ገደብን ከምስጢር ጥበቃ ጋር አንድ አድርጎ መውሰድ ነው። ለተከታዮች ብቻ የሚለው ምርጫ የሚጠብቀው የተከታዮች ምዝገባ በባለቤቱ ይሁንታ እንዲሆን ሲደረግ ነው። አለበለዚያ ማንም ሰው በአንድ ጊዜ ተከታይ ሆኖ ጽሑፉን ማንበብ ይችላል። ለተጠቀሱ ሰዎች ብቻ የሚላክ መልእክትም በላኪና በተቀባይ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም። የላኪውም ሆነ የተቀባዩ ሰርቨር አስተዳዳሪ ሊያነብበው የሚችል ሲሆን፣ ማስቶዶን ራሱ ምስጢራዊ መረጃ በዚህ መንገድ እንዳይላክ ተጠቃሚዎቹን ያስጠነቅቃል። ከዚህም በላይ በእንዲህ ዓይነት መልእክት ውስጥ የሦስተኛ ወገን አካውንት በስሙ ከተጠቀሰ መልእክቱ ለዚያም ሰው ይደርሳል። ስለ አንድ ባለጉዳይ ከሥራ ባልደረባ ጋር እየተጻጻፈ የባለጉዳዩን አካውንት የጠቀሰ ሠራተኛ ጽሑፉን ለባለጉዳዩ እንደላከው ይቆጠራል።

የተሳሳተ ምርጫን ማረምም ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ የወጣን መልእክት ቃላት ማስተካከል ቢቻልም የእይታ ምርጫውን ለመቀየር መልእክቱን አጥፍቶ እንደገና ማውጣት ያስፈልጋል። መልእክቱ ሲጠፋ ለሌሎች ሰርቨሮች የሚተላለፈው የመሰረዝ ጥያቄ ነው። ግልባጩ የደረሰው ሰርቨር ጥያቄውን መቀበሉን ላኪው ማስገደድ አይችልም። ከእጅ የወጣ ደብዳቤ በተቀባዩ መዝገብ ቤት እንደሚቀር ሁሉ በዚህም መረብ የተላከ ጽሑፍ ሊቀር እንደሚችል መገንዘብ ይገባል።

ያልተማከሉ መረቦች ሁሉ አንድ ዓይነት አሠራር አላቸው ማለት አይደለም። በሌላ ደንብ የሚሠራው ብሉስካይ እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2024 ለማንኛውም ተመዝጋቢ ክፍት ሲደረግ መልእክቶች ሁሉ የአደባባይ እንዲሆኑ ታስቦ የተነደፈ ነበር። በመሆኑም በአንዱ መረብ የተለመደን ምርጫ በሌላውም አለ ብሎ ማሰብ ለስሕተት ይዳርጋል።

ከላይ ከተዘረዘሩት ነጥቦች ለሕዝብ ግንኙነት ሥራ የሚጠቅሙ ጥቂት ልማዶችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ ለኅብረተሰቡ የሚወጣ ማስታወቂያ በአደባባይ ምርጫ፣ ወጥ በሆነ ሃሽታግና የፍለጋ ፈቃድ በተሰጠበት አካውንት ሊወጣ ይገባል። ሁለተኛ፣ ተከታታይ ጽሑፍ ሲኖር የመጀመሪያውን በአደባባይ፣ ቀሪዎቹንና ለጥያቄዎች የሚሰጡ መልሶችን ጸጥ ባለው ምርጫ ማውጣት ዋናው መልእክት በዝርዝሮች መካከል እንዳይዋጥ ያደርጋል። ሦስተኛ፣ የግለሰብ ጉዳይ በማኅበራዊ ድረ ገጽ ሲቀርብ ባለጉዳዩን ወደ መሥሪያ ቤቱ መደበኛ የአገልግሎት መስመር መምራት ይገባል፤ የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት በእኛም አገር ይህ ጥንቃቄ ትርፍ ነገር ተደርጎ ሊታይ አይገባም። አራተኛ፣ አካውንት ከአንድ ማስቶዶን ሰርቨር ወደ ሌላ ሲዛወር ተከታዮች አብረው የሚዛወሩ ቢሆንም የቀድሞ መልእክቶች ግን አይከተሉም። በመሆኑም ሰርቨር ሲዘጋ ማስታወቂያዎች አብረው እንዳይጠፉ በተቋሙ የራሱ ድረ ገጽ ማኖር ያስፈልጋል።

አንድ ደብዳቤ ማኅተም ከማረፉ በፊት ለማን እንደተጻፈና ለማን ግልባጭ እንደሚደረግ ማረጋገጥ በየመሥሪያ ቤቱ የቆየ ሥርዓት ነው። ባልተማከለው መረብም መልእክቱን የሚያወጣው ባለሙያ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ይህንኑ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ዜጋው ሊያገኘው የሚገባውን ማግኘቱ፣ የግል ጉዳዩም በአደባባይ አለመዋሉ በዚያች አፍታ በሚደረገው ምርጫ ይወሰናል።