ኳስና እንጀራ

በሸዋ ሮቢት ሙቀቱ በረድ ሲል ኳስ የሚያባርር ልጅ ሁሉ አጥቂ መሆን ይሻል፤ እኛም እንደዚያው ነበርን። ወላጆቻችን ግን «ኳስ እንጀራ አይሆንም» ይሉናል። እውነት ነውን? የመንግሥቱ ወርቁን ነገር እንመልከት።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብጾች ሁለት ጊዜ መሩን፤ ሁለቴም ደረስንባቸው። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፥ መንግሥቱ አራተኛውን አገቡና 4 ለ 2 ተፈጸመ። መንግሥቱ በቱኒዚያ ላይ ካገባቸው 2 ግቦች ጋር 3 በማግባት ከግብጹ ባዳዊ ጋር የግብ አግቢነቱን ክብር ተካፈለ።

ሆኖም ያን ጊዜ በአገራችን በኳስ ደመወዝ መተዳደር አልተለመደም ነበር። (በአየርላንድም ቢሆን፥ አንገታቸውን ለግፊያ የሚሰጡት የራግቢ አጥቂዎች ደመወዝ በግልጽ የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው።) መንግሥቱ የቅዱስ ጊዮርጊስን ማልያ ለብሶ ተጫወተ፤ ጉልበቱ ሲደክም አሠልጣኝ ሆነ፤ በ2003 ዓ.ም. ዐረፈ።

ዛሬ ክለቦች በውል ይከፍላሉ። ቢሆንም የአጥቂ ጉልበት ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት ዓመት እምብዛም አያልፍምና፥ የወላጆቻችን ጥያቄ ገና አልተመለሰም።