ሊኑክስን በላፕቶፕ ላይ ከመጫን በፊት

ላፕቶፕ ከብዙ ክፍሎች የተገጣጠመ መሣሪያ መሆኑን ታውቃላችሁ። እያንዳንዱ ክፍል ከሥርዓተ ክወናው ጋር የሚግባባው ድራይቨር በተባለ ፕሮግራም አስተርጓሚነት ነው። ለዊንዶውስ ይህን ፕሮግራም በአብዛኛው የክፍሉ አምራች ያዘጋጃል፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነው ለሊኑክስ ግን አንዳንዱ አምራች ያዘጋጃል፣ አንዳንዱም ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ሥራው በበጎ ፈቃደኞች ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ዋይፋዩ ነው። ለምሳሌ አንዳንድ የብሮድኮም ቺፖች ፈርምዌር የሚባል ፋይል ካልቀረበላቸው አይሠሩም። ይህን መሰሉ ፋይል የአምራቹ ንብረት በመሆኑ፣ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ድረስ በይፋዊ መጫኛው ውስጥ አያካትተውም ነበር። ፋይሉን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ፋይሉ! ሌላ ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ እዚህ ላይ ይጨነቃል።

ስለሆነም የቀድሞውን ሥርዓት ከማጥፋታችሁ በፊት ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሥታችሁ ሞክሩት፤ የመጫን ትእዛዝ እስካልሰጣችሁ ድረስ ዲስኩ አይነካም። ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ካሜራውን ፈትኑ። ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱትም መንቃቱን ተመልከቱ፤ ይህን የሚዘነጉት ብዙዎች ናቸው። ዋይፋዩ እምቢ ካለ፣ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝታችሁ የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ማጋራት ትችላላችሁ።