ምርቃናው ሲያልፍ

ስለ ጫት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከሰዓት በኋላው ነው፤ በርጫው፣ ጨዋታው፣ በምርቃና የሚታቀደው ትልቅ ሥራ። እኔ ጅማ ውስጥ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ቃሚዎችን የማገኛቸው ምርቃናው አልፎ ሌሊቱ ሲመጣ ስለሆነ የምጽፈውም ስለዚያ ሰዓት ነው።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የሚመጡትን ተማሪዎች ገና ሳይናገሩ አውቃቸዋለሁ። የዓይናቸው ብሌን ሰፍቷል፣ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ጣታቸው አያርፍም። "እህቴ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ስጪኝ፤ ነገ ፈተና አለብኝ" ይለኛል አንዱ። ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረ ስጠይቀው "ስምንት ሰዓት ላይ፣ ለጥናት ብዬ ነው" ይላል። ዳያዜፓም ያለ ሐኪም ማዘዣ እንደማይሰጥ ስነግረው ደግሞ ይለምነኛል። እንዲህ ያለውን ልጅ ባዶ እጁን መሸኘት ያሳዝነኛል፤ ግን አልሰጠውም።

ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን በተፈጥሮው የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ጫቱ ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖኑ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካቲን ወደሚባል ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ከአወዳይ የሚነሳው ጫት ትኩስነቱን እንዲጠብቅ ተጠቅልሎ፣ መኪናውም አደጋ ሳይፈራ እየከነፈ የሚጓዘው ለዚህ ነው። ካቲኖን ለሰውነት አዲስ ጉልበት አያስገባም። አንጎል ያጠራቀመውን ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን በአንዴ ያስለቅቃል እንጂ። ያኔ ድካም ይጠፋል፣ ረሃብ ይጠፋል፣ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ የተለቀቀው ሲያልቅ ሰውየው ዝም ይላል፣ ይከፋዋል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል፤ እንቅልፍ ግን አይመጣም። ለፈተና የሚቅመው ልጅ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው፤ ያነበበው ትምህርት የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና።

ሌሊቱን ለማሳጠር ብዙዎች ምርቃናውን በመጠጥ ለማብረድ ጨብሲ ይወጣሉ። የጫቱ ንቃት የመጠጡን ስካር ስለሚሸፍን ሰው ከወትሮው በላይ ይጠጣል፤ ንቃቱ ሲለቅ አልኮሉ ብቻውን ደም ውስጥ ይቀራል። እዚያ ላይ ከጓደኛ ኪስ የተገኘ ዳያዜፓም ከተጨመረ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ከቅጠሉ ይልቅ ይህ ሰንሰለት ነው፦ ለመንቃት ጫት፣ ለማብረድ ቢራ፣ ለመተኛት ኪኒን፣ ጠዋት ለመነሳት እንደገና ጫት።

በዱዓ ላይ ተሰብስበው የሚቅሙ አባቶች ጎረቤት ነው ያደግሁት፤ እነሱን አልወቅስም። ልጆቹን በጫት ማሳ ያስተማረውን ገበሬም አልወቅስም። የሚያሳስበኝ ቃሚ የሆነ ታማሚ ስለ ጫቱ ለሐኪሙ አለመናገሩ ነው።

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ግፊታቸውን ልለካላቸው ሲቀመጡ "ልጄ፣ ይኼ ኪኒን እኔ ላይ አይሠራም" አሉኝ። ላይኛው ቁጥር ከ180 በላይ ነበር። መድኃኒቱን በሰዓቱ ነው የሚወስዱት፤ ሐኪሙም ሁለተኛ ጨምሮላቸዋል። "ስለ ጫት ነግረውት ነበር?" ስላቸው ወረፋ የያዘውን ሰው ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም" አሉ። ኪኒኑ ሊያወርደው የሚታገለውን ግፊት ጫቱ በየቀኑ ይሰቅለዋል። ይህን ሳያውቅ ሐኪሙ ሦስተኛ መድኃኒት ሊያዝላቸው ነበር።

ሌላም አለ። አምፒሲሊን ከጫት ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል፤ በርጫ መሃል የተዋጠ አሞክሳሲሊንም እንዲሁ። ስለዚህ ቅመው ከጨረሱ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው እንዲወስዱ እመክራለሁ። ለጉንፋን የሚሸጠው ፕሱዶኤፌድሪን ደግሞ የካቲን ዘመድ በመሆኑ ሁለቱ ሲደራረቡ ልብን ያስጨንቃሉ። ለጨጓራና ለሆድ ድርቀት መድኃኒት የሚመላለሱ ደንበኞቼ ብዙዎቹ ቃሚዎች ናቸው። ነፍሰ ጡር ስትቅም የፅንሱ ክብደት ሊቀንስ ይችላል። በአእምሮ ሕመም የተያዘ ወይም ከዚህ በፊት ታሞ የዳነ ሰው ደግሞ ፈጽሞ ሊርቀው ይገባል፤ እንቅልፍ ማጣቱና ጥርጣሬው ሕመሙን ይቀሰቅሱበታል።

ቅጠሉን ማኘክ አዝጋሚ ስለሆነ ሰውነት የሚያገኘውን መጠን በተወሰነ ደረጃ ይገድበዋል። ንጥረ ነገሩ ተነጥሎ ሲወጣ ምን እንደሚሆን እስራኤል ውስጥ ታይቷል። እዚያ የየመንና የኢትዮጵያ አይሁዶች የሚቅሙት ቅጠል በሕግ አይከለከልም፤ ነገር ግን ሃጊጋት የተባለ የካቲኖን እንክብል በየኪዮስኩ መሸጥ ሲጀምር የልብ ሕመምና የአንጎል ደም መፍሰስ ያጋጠማቸው ወጣቶች ሆስፒታል ገቡ። እንክብሉም እ.ኤ.አ. በ2004 ታገደ።

ለዓመታት በየቀኑ የቃመ ሰው ሲያቆም ድብርትና ሐራራ፣ ሌሊትም ዱካክ የሚባለው አስፈሪ ቅዠት ይመጣበታል። ይህ የሚያልፍ ነገር ነው፤ ቤተሰብም "ጂን ነው" ብሎ ከማስጨነቅ አብሮ ቢያድር ይሻላል። ድብርቱ ከበረታ ወይም ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣበት ግን ሳይውል ሳያድር ወደ አእምሮ ሐኪም ይወሰድ።

የምትቅሙ ወገኖቼ፣ ለሐኪማችሁና መድኃኒት ለሚሰጣችሁ ባለሙያ ምን ያህል እንደምትቅሙና ማታ ምን እንደምትወስዱበት ንገሩ። እኛ የምንጠይቃችሁ ልንፈርድባችሁ አይደለም። ቅማችሁ ደረታችሁን አፍኖ ከያዛችሁ ወይም ሕመሙ ወደ ግራ ክንዳችሁ ከወረደ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ሂዱ።