ቀለሙ ለምን ተላጠ? የሬዚን ሞዴሎችና የሚቀባው ገጽ ምስጢር

ሳምንታት ተፈጅተውበት የተገጣጠመና በጥንቃቄ የተቀባ ትንሽ ሐውልት፣ መርከብ ወይም አውሮፕላን አለ እንበል። ለሁለተኛው ቀለም መከለያ የተለጠፈበት የወረቀት ፕላስተር ሲነሣ የመጀመሪያውን ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይዞት ይነሣል። የሞዴል ሥራን የትርፍ ጊዜ ጥበባቸው ያደረጉ ብዙ ሰዎች ይህን አደጋ ያውቁታል፤ ወዲያውም የሚወቅሱት ቀለሙን ነው። ሞዴሉ ከሬዚን የተሠራ ከሆነ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከቀለሙ በታች ነው።

በየመደብሩ በብዛት የሚሸጡት መገጣጠሚያዎች ፖሊስታይሪን ከተባለ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ፕላስቲኩ ቀልጦ በከፍተኛ ግፊት በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይሞላል። የብረቱ ቅርጽ ማውጫ እጅግ ውድ ስለሆነ፣ በብዙ ሺህ የማይሸጥ ሞዴል ወጪውን አይመልስም። አነስተኛ አምራቾች በዚህ ምክንያት ሌላ መንገድ ይከተላሉ፤ ጎማ ከሚመስል ሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ይሠሩና ሁለት ፈሳሾች ቀላቅለው ያፈሱበታል። ድብልቁ በደቂቃዎች ውስጥ ጠጥሮ ፖሊዩሬቴን ሬዚን ይሆናል። በጃፓን ከ1980ዎቹ (እ.አ.አ) ጀምሮ «ጋራዥ ኪት» በሚል ስም የተስፋፋው ሥራ የዚህ ዘዴ ውጤት ሲሆን፣ በቶኪዮ አቅራቢያ በቺባ በሚካሄደው «ዋንደር ፌስቲቫል» ዛሬም ለሽያጭ ይቀርባል።

ሬዚኑ ከሲሊኮኑ በቀላሉ እንዲላቀቅ ብዙ አምራቾች ቅርጽ ማውጫውን ቅባት መሰል ነገር ይረጩታል። ምጣድ በጎመን ዘር ሲታሰስ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ማሰሻው እንጀራው ከምጣዱ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ የሬዚኑ ማላቀቂያም የተሠራው ምንም ነገር እንዳይጣበቅ ነው። ችግሩ ከፊሉ ከሞዴሉ ጋር ተጣብቆ መውጣቱ ነው፤ ቀለም ሲመጣም ያንኑ ሥራውን ይቀጥላል።

ሁለተኛው ምክንያት በሬዚኑ ተፈጥሮ ውስጥ ያለ ነው። ፖሊስታይሪንን ኃይለኛ ቲነር በመጠኑ ያሟሟዋል፤ ስለዚህ በቲነር የተበጠበጠ ቀለም ገጹን ትንሽ አለስልሶ ይነክሰዋል። ጠጥሮ ያለቀ ፖሊዩሬቴን ግን እንዲህ አይሟሟም። ተራው የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያ ሬዚንን የማያያይዘውና በምትኩ ሱፐር ግሉ ወይም ኤፖክሲ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ቀለሙ ሊይዝ የሚችለው ንጹሕና በመጠኑ ሻካራ ገጽ ሲያገኝ ብቻ ነው።

ስለሆነም ሥራው የሚጀምረው በእጥበት ነው። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃሉ። ብሩሹ እንደ ልብስ እጥፋትና ፀጉር ባሉ ስርጉድ ቦታዎች መድረስ አለበት፤ ቅባቱ የሚሸሸገው እዚያ ነው። ፍል ውኃ አይመከርም፤ እንደ ሰይፍ ያሉ ቀጫጭን ክፍሎችን ያጣምማል። (ጠማማ ሆነው የመጡትን ለማቃናት ግን ይኸው ባሕርይ ይጠቅማል።) ከደረቀ በኋላ በአይሶፕሮፒል አልኮል መጥረግ የቀረውን ያስወግዳል። ከዚያ ወዲያ ሞዴሉን በጓንት መያዝ ይገባል፤ የጣት ወዝም ቅባት ነውና።

ቀጥሎ የሚመጣው የብርጭቆ ወረቀት ነው። ከ400 እስከ 600 ቁጥር ያለው ጥቃቅን ጭረት ይተዋል፤ ቀለሙ የሚቆናጠጠው በዚያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ቀለም ቀቢዎች አካሉን በውኃ እያራሱ ሲያሹ ያየ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል። እዚህ ላይ ግን ውኃው ጤናም ይጠብቃል። የሬዚን ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ በደረቁ ማሸት አይገባም፤ የብናኝ መከላከያ ጭምብልም ያስፈልጋል። ልጆች ባሉበት ቤት በምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ፕራይመር መዝለል ብዙዎችን የሚፈትን አቋራጭ ነው፤ በሬዚን ላይ ግን አያዋጣም። በቲነር የሚበጠበጡት ፕራይመሮች በአብዛኛው በውኃ ከሚበጠበጡት የበለጠ ይይዛሉ፤ ሽታቸው ግን ከባድ ነው፤ የተከፈተ መስኮትና የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ጭምብል ይፈልጋሉ። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በስሱ፣ ደጋግሞ መርጨት አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመርጨት ይሻላል። የአየሩም ጠባይ ይወስናል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የበጋ ሙቀት ርጭቱ ገጹ ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ደርቆ እንደ አቧራ ሊቀር ይችላል። እርጥበት በበዛበት ቀን ደግሞ ገጹ ነጭ ጭጋግ ይለብሳል። በአውሮፓ ክረምት የቀዘቀዘ ጣሳ አስተካክሎ አይረጭም፤ ለጥቂት ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማቆየት ይረዳዋል፤ እሳት ላይ ማሞቅ ግን ያፈነዳዋል።

ስሪዲ ፕሪንተር በሚባለው ባለሦስት ገጽታ ማተሚያ ከፈሳሽ ሬዚን የሚወጡ ሞዴሎች ሌላ ጣጣ አላቸው። በእነርሱ ላይ ቀለም የሚከለክለው ማላቀቂያ ቅባት ሳይሆን ያልጠጠረው ሬዚን ራሱ ነው። በአልኮል ታጥበው፣ በደንብ ደርቀው፣ በአልትራቫዮሌት ጨረር እስኪጠጥሩ ድረስ ገጻቸው የሚያጣብቅ ሆኖ ይቆያል። ያልጠጠረ ሬዚን ቆዳ ላይ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል ያለ ጓንት አይነካም፤ የታጠበበት አልኮልም ወደ ፍሳሽ አይደፋም።

ዝግጅቱ መሳካቱን ለማወቅ ፕራይመሩን 24 ሰዓት ማድረቅና በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በመቆሚያው ሥር፣ የወረቀት ፕላስተር ለጥፎ ማንሣት ነው። ፕላስተሩ ንጹሕ ሆኖ ከተነሣ ቀለም መቀባት ይቻላል። ቀለም ይዞ ከመጣ ግን በላዩ ደርቦ መቀባት ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ የላላውን አንሥቶ ወደ ሳሙናው መመለስ ይሻላል። በኋላ በተቀባው ሞዴል ላይ ፕላስተር ሲለጠፍም አስቀድሞ ንጹሕ መስተዋት ላይ አንድ ሁለቴ ለጥፎ ማንሣት ሙጫውን ያደክመዋል፤ ሲነሣም ወደ ላይ ሳይጎተት ወደ ኋላ ታጥፎ፣ ገጹን ታክኮ፣ በዝግታ ይላቀቃል።