ስኳር ያለበት የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛና የሰኞ ሳል

በኮምቦልቻ፣ በድሬዳዋ ወይም በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው ስለ ሰኞ ሳል ሳይሰማ አይቀርም። እሑድ ደህና አርፎ የዋለ ሠራተኛ ሰኞ ሥራ በጀመረ በሰዓታት ውስጥ ደረቱ ይጨመቃል፣ ያስለዋል። ማክሰኞ ሲቀለው «ብርድ ነው» ብሎ ይተወዋል።

ሐኪሞች ይህን ሕመም ቢሲኖሲስ ይሉታል። የሚመጣው ከጥሬ ጥጥ ብናኝና ብናኙ ከሚሸከመው የባክቴሪያ መርዝ ነው። ብናኙ የሚበረታው ጥጡ በሚፈታበትና በሚባዘትበት ክፍል ነው፤ ልብስ ስፌት ላይ ያሉ እህቶቻችን ስጋታቸው ያነሰ ነው። ለዓመታት ችላ ከተባለ ግን ሕመሙ ሰኞን አልፎ ሳምንቱን ሙሉ ይዘልቃል፤ የተጎዳ ሳንባም ላይመለስ ይችላል።

ሠራተኛው ስኳር ካለበትስ? ስኳር ዓይንና ኩላሊት እንደሚጎዳ ሁላችንም ሰምተናል፤ ሳንባን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። የስኳር ሕሙማን የሳንባ አቅም በአማካይ ከሌላው ሰው ዝቅ ይላል፤ በሳንባ ነቀርሳ የመታመም ዕድላቸውም ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሳሉ 2 ሳምንት ከሞላው «የጥጡ ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ አክታ ይመርመር።

መድኃኒቱም ጣጣ አለው። ለደረት ሕመም አንዳንዴ የሚታዘዘው የፕሬድኒሶሎን ክኒን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ሥራ እንዳያጡ ፈርተው ስኳራቸውን የሚደብቁ አሉ፤ ፍርሃታቸው ይገባናል። ለሐኪም ግን ሁለቱም መነገር አለባቸው፦ ስኳር እንዳለብንና ጥጥ ውስጥ እንደምንሠራ። ሰኞ ከሥራ በፊትና በኋላ ትንፋሽ ቢለካ ደግሞ ልዩነቱ ይታያል።

ረመዷን ሲቃረብ ምክክሩ ቀድሞ ይሁን። ሸሪዓ ለታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዷል፤ በፈቃዱ መጠቀም የኢማን ድክመት አይደለም። ፓፍ ጾም ያፈርሳል ወይ በሚለው ዑለማዎች ቢለያዩም፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ፓፉን መጠቀም እንዳለበት አይለያዩም።

ብዙዎች ነጠላ ወይም ሒጃብ አፍንጫቸው ላይ ስበው ይሠራሉ። ደቃቁን ብናኝ ግን ጨርቅ አያስቀረውም፤ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም የብናኝ ማስክ ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያውን የማቅረብ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። በሐኪም ማስረጃ ብናኝ ወደሚያንስበት ክፍል ለመዛወር መጠየቅም ይቻላል፤ ብቻውን መጠየቅ የከበደው ደግሞ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ይጠይቅ።