ተጨማሪ መረጃ፦ ውኃው ሲያንስ ማን ይቀድማል?

እንደ ኮሎራዶ ባሉ የምዕራብ አሜሪካ ደረቅ ግዛቶች፣ የወንዝ ዳር መሬት መያዝ ብቻውን የውኃ ባለመብት አያደርግም። ቀድሞ ውኃውን ጠልፎ ሥራ ላይ ያዋለ ይቀድማል። ድርቅ ሲመጣ ኋላ የመጣው ቦዩ ይዘጋበታል፤ የቀደመው ግን ድርሻውን ሙሉ ይወስዳል።

ሌፍት ሃንድ ዲች የተባለው የመስኖ ኩባንያ ከሴንት ቭሬን ወንዝ ገባር የጠለፈውን ውኃ ወደ ሌላ ጅረት አሻግሮ ማሳ ያጠጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 ድርቁ ሲበረታ፣ ከታች በወንዙ ዳር የሚያርሱ ገበሬዎች ሄደው የኩባንያውን ግድብ አፈረሱት። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1882 ለኩባንያው ፈረደ፤ ቀድሞ የጠለፈው እሱ ነበርና።

የሰባት ግዛቶች ተወካዮች በ1922 በፈረሙት የኮሎራዶ ወንዝ ስምምነት ደግሞ ለአገልግሎቶቹም ተራ ወጣላቸው፦ የቤት ፍጆታና እርሻ ይቀድማሉ፣ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ይከተላል፣ የጀልባና የመርከብ ጉዞ መጨረሻ ነው።

በዚህ ሁሉ የቀዳሚነት ክርክር ከማንም በፊት በዚያ የኖሩት ነባር ሕዝቦች መዘንጋታቸው ትልቅ በደል ነው። ሆኖም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1908፣ ዊንተርስ በተባለው መዝገብ፣ በሞንታና ለፎርት ቤልክናፕ ነባር ነዋሪዎች መሬት ሲከለልላቸው ውኃውም አብሮ እንደተጠበቀላቸው ወሰነ። ተራቸው የሚቆጠረው መሬቱ ከተከለለበት ከ1888 ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ከሚልክ ወንዝ የጠለፉ ሰፋሪዎች ከኋላቸው ተሰለፉ። በኮሎራዶ ወንዝ ተፋሰስ ግን የውኃ ድርሻቸው እስከ ዛሬ በመጠን ያልተወሰነላቸው ነባር ነገዶች አሉ።